ኮል ፎንዶ

ጣሊያኖች «ፎንዶ» የሚሉት የዕቃን ታች፣ እዚያ የሚረጋውንም አተላ ነው። «ኮል ፎንዶ» እንግዲህ «ከነአተላው» ማለት ነው፤ ሳይጣራ ከነእርሾው የሚጠጣ፣ ፕሮሴኮ የተባለው ባለአረፋ የጣሊያን ወይን።

በጣሊያን ቬኔቶ ክልል፣ በኮኔሊያኖና በቫልዶቢያዴኔ ኮረብቶች ያሉ ወይን አብቃይ ቤተሰቦች ድሮ የሚጠምቁት እንዲህ ነበር። ግሌራ የተባለው ነጭ ወይን በመከር ይጨመቃል፤ የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ብርዱ እርሾውን ያደነዝዘውና ጥቂት ስኳር ሳይፈላ ይቀራል። በጸደይ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል። አየሩ ሲሞቅ እርሾው ነቅቶ የተረፈውን ስኳር ይበላል፤ የሚፈጠረው ጋዝም መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ሥራውን የጨረሰው እርሾ ታች ይረጋል፤ ማንም አያወጣውም። በየሱቁ የሚታየው ጥርት ያለ ፕሮሴኮ ግን በአብዛኛው በትልቅ የብረት ጋን ፈልቶ የተጣራ ነው።

በአማርኛ «ድፍርስ» ብንለው እንበድለዋለን፤ ድፍርስ ጉድለት ያስመስላል። ጉሽ ጠላን ለሚያውቅ ሰው «ጉሽ ወይን» ይበቃል፤ ጉሽነት የአጠማመቁ ባሕርይ ነውና።

ከፒዛ ጋር ደግሞ ግሩም ነው። ስኳሩ አልቋል፤ ኮምጣጣነቱና አረፋው የሞዛሬላ አይቡን ቅባት ከምላስ ያጥባሉ፤ የእርሾው ሽታ ከተጋገረው ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ማርጌሪታ ፒዛ ካለ ሌላ አያሻም። ቀስ ተብሎ ከተቀዳ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥርት ያለ፣ የመጨረሻው ጉሽ ይሆናል። እኔ ግን ቆርኪውን ከመክፈቴ በፊት ጠርሙሱን በዝግታ ገልበጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ አተላው ለሁሉም እኩል እንዲደርስ።