ከባሌስትራ እስከ ኳስ፦ በሞያሌ መንገድ የፒካፕ የፊት እግር ታሪክ

ባለፈው ወር ፒካፔን ጋራዥ አስገብቼ የፊት እግር ሥራ አሠራሁ። መካኒኩ የሚገዛውን ዕቃ በእጁ ጽፎ ሰጠኝ፦ ቴስቲና ሁለት፣ የላይና የታች ኳስ አራት፣ የክንድ ቦኮላ፣ አሞርዛተር፣ ጥቂት ቡሎንና ዳዶ። ወረቀቱን ለናይሮቢዋ ደንበኛዬ በስልክ ሳነብላት ከኳሱ በቀር አንዱም አልገባትም። እሷ እንግሊዝኛውን ታውቃለች፣ እኔ ደግሞ ጋራዥ ያስተማረኝን። እንዲህ የተለያየንበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በቆየባቸው ዓመታት መንገድ ሠራ፣ ከባድ መኪናም አስገባ። ፊያት 634ን የዚያ ዘመን ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» ይለው ነበር። ጣልያን ሲወጣ መኪናውና የመካኒኩ ቋንቋ ቀሩ። ባሌስትራ፣ ቴስቲና፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን የምንለው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። በኬንያ በኩል ግን ገዢው እንግሊዝ ስለነበር ፉንዲዎቹ ዕቃውን የሚጠሩት ከእንግሊዝኛ በወሰዱት ስም ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ድንበር ተሻግረህ መቶ ሜትር ስትሄድ ያው ብረት ሌላ ስም አለው።

አባቴ በወጣትነቱ የኤንትሬ ረዳት ነበር። ኤንትሬ ፊያት 682 ነው። የፊቱ ቀጥ ያለ ወፍራም አክስልና ባሌስትራ ነበር፤ ጎማው የሚዞረው በፔርኖ ላይ ነው። የረዳት ሥራ ባረፉበት ሁሉ መኪናው ሥር ገብቶ ግሪስ መምታት እንደነበር ሲነግረን እጁን እያሳየ ነው። መኪናው ከባድ፣ መሪው ከባድ፣ ፍጥነቱ ትንሽ። ግሪስ ካገኘ ግን የፊቱ እግር ቶሎ አያልቅም።

ከዚያ ጃፓን መጣ። ቶዮታ ሃይሉክስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ በ1979 ሲወጣ ከፊት ወፍራም አክስልና ባሌስትራ ነበረው፣ ልክ እንደ ትንሽ የጭነት መኪና። ቀጥሎ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት፣ ክንድ፣ ኳስና ቶርሽን ባር ያለው ዓይነት ለአንዳንድ ገበያዎች መሸጥ ጀመረ። ላንድ ክሩዘር ፒካፕ ግን ወፍራሙን አክስል እስከ ዛሬ አልተወም፤ በ1999 የለወጠው የፊት ባሌስትራውን በሞላ ነው። የገጠር ጭነት የሚያነሱ ሰዎች ዋጋው ቢያቃጥላቸውም ከእሱ የማይላቀቁት ለዚህ ይመስለኛል። ለየብቻ የሚሄደው እግር ለተሳፋሪ ይመቻል፣ ነገር ግን የሚያልቅ መገጣጠሚያው ብዙ ነው። ምቾቱን የምንከፍለው በኳስና በቦኮላ ነው።

መንገዱም ተለወጠ። በኬንያ በኩል ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠርና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። መኪኖች ሽፍታ ፈርተው ተሰባስበው ይወጡ ነበር፣ ጉዞው ቀናት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አስፋልቱ ተጠናቀቀ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሞያሌው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ተመረቀ። ሁላችንም ደስ አለን። ሆኖም በጠጠር ላይ በ30 የምትሄድ መኪና መሪዋ ቢላላ ታንኳኳለች እንጂ ሰው አትገድልም። ያቺው መኪና በአስፋልት በ100 ስትሄድ ሌላ ነገር ነው።

ይህን ያወቅሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ከገጠር ገበያ የሰበሰብኩትን ቦለቄ ጭነን በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ ስንወርድ የግራ የታችኛው ኳስ ከቤቱ ወጣና ጎማው ከመኪናው ሥር ታጠፈ። መሪውን የያዘው የእህቴ ባል ነበር። ዳገት ላይ ስለነበርን ፍጥነታችን ትንሽ ነበር፤ እሱ ክንዱን ተሰበረ፣ እኔ ከነጠላዬ በቀር ምንም አልሆንኩም። ያ መኪና ከሁለት ሳምንት በፊት ጋራዥ ገብቶ ነበር። መሪው ይንቀጠቀጣል ብለን አንድ ቴስቲና ቀየሩልን፤ የኳሱ ጎማ ተቀዶ አቧራ እንደገባበት ያየ የለም። እኔም ርካሽ ስለሆነልኝ ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ ወዲህ ከጉዞ በፊት በክሪክ አስነሥቼ ጎማውን እኔው እነቀንቃለሁ። ከላይና ከታች ይዤ ስገፋው ከተወዛወዘ ኳሱ ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ከግራና ከቀኝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቴስቲናው ነው። የተቀደደ ጎማ ካየሁ ኳሱ ገና ባይላላም አስለውጣለሁ። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ።

ዕቃውን ስታዘዙ ግን አንድ ታሪክ አስታውሱ። ኢትዮጵያ እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ወደ ቀኝ ተዛወረች። ኬንያ በግራ ቀረች። ስለዚህ የእኛ መሪ በግራ፣ የእነሱ በቀኝ ነው። ያለፈው ወር ለደንበኛዬ «የሾፌር በኩል የታች ኳስ» ብዬ አዘዝኩ። ኪሪንያጋ መንገድ ሄዳ በታማኝነት ገዛችልኝ፤ የኬንያ ሾፌር በኩል፣ ማለትም ቀኙን። ኳሱ ግራና ቀኝ ይለያያል። ቴስቲናና ኳስ እንኳ ጎኑ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አገር መኪና ይገጥማል፤ የመሪ ሳጥንና ከሱ ጋር የሚያያዙ ክንዶች ግን የቀኝ መሪ ከሆኑ ለእኛ አይሆኑም። የሃርጌሳ ሰዎች የባሰ ግራ ያጋባሉ፤ በቀኝ ይነዳሉ፣ መኪናቸው ግን በብዛት የቀኝ መሪ ነው። ከዚያ ዕቃ የምታስመጡ እህቶች አሮጌውን ፎቶ አንሥታችሁ፣ በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ጨምራችሁ ላኩ። «ግራ» ስትሉም በሾፌር ወንበር ተቀምጦ የሚታየውን ግራ ማለታችሁ ይሁን።

የተሳሳተውን ኳስ ለመመለስ ስምንት ቀን ፈጀ፣ የአውቶቡሱ ረዳትም የራሱን ወሰደ። መካኒኬ ሁሉን ገጥሞ ሲጨርስ አላይመንት ሳይሠራ እንዳልጭን ነገረኝ፤ ማሽኑ ግን እሱ ዘንድ የለም። ባዶዋን እስከ ሀዋሳ በ60 ነዳኋት።