አምቡላንስ ውስጥ የመጀመሪያው አስተማሪ ማን ነበር? የፒትስበርጉ ፍሪደም ሃውስ ታሪክ

አንድ የፓራሜዲክ ማሠልጠኛ ገብታችሁ ትምህርቱን ብትከታተሉ፣ ፊት ለፊት የምታገኙት አስተማሪ ብዙ ጊዜ ነጭ ጋዋን የለበሰ ፕሮፌሰር አይደለም። ዓመታቱን መንገድ ላይ ያሳለፈ፣ በጠባብ ደረጃ ላይ ቃሬዛ ይዞ የወረደ፣ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ደም ሥር ፈልጎ ያገኘ ሰው ነው። ተማሪው መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር በፈረቃ ይመደባል፤ እያየ ይማራል፣ እየሠራ ይታረማል። ዛሬ ይህ በጣም ተራ ነገር ነው።

ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሙያው ገና ባልነበረበት ጊዜ ነባር ሠራተኛ ከየት ይመጣል? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ጥያቄው የወርክሾፕ ቀልድ ያስታውሰኛል፤ የመጀመሪያውን ቶርኖ ያወጣው የትኛው ቶርኖ ነው? ለፓራሜዲክ ሙያ መልሱን ከሚሰጡን ቦታዎች ዋነኛው አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንስልቬንያ፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ሂል ዲስትሪክት የሚባል ሰፈር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የዘመኑን ሁኔታ እንይ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ መንገድ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳው ነበር? እንደ ከተማው ይለያያል። ፒትስበርግ ውስጥ ፖሊስ ነበር የሚመጣው። እስረኛ በሚጫንበት መኪና ኋላ አስገብተውት፣ ሁለቱም ፖሊሶች ከፊት ተቀምጠው ወደ ሆስፒታል ይበሩ ነበር። ታማሚው ከኋላ ብቻውን ነው፤ መተንፈስ ቢያቆም እንኳ የሚያውቅ የለም። በሌሎች ብዙ ከተሞች ደግሞ የሚመጣው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት መኪና ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው አስተኝቶ መውሰድ ከሚችሉት ጥቂት መኪኖች አንዱ የሬሳ መኪና ነበርና። በ1966 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ታዋቂ ሪፖርት መሠረት የአገሪቱን የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት ቀብር አስፈጻሚዎች ነበሩ። ታማሚው ቢድንም ባይድንም ደንበኛ ነው ማለት ነው። ያው ሪፖርት በ1965 ብቻ በድንገተኛ አደጋ 107,000 አሜሪካውያን እንደሞቱ ይገልጽና አንድ የሚያሳፍር ነገር ይጨምራል፤ ከቬትናም የተመለሱ ባለሙያዎች ክፉኛ ብንቆስል ከከተማ ጎዳና ይልቅ ጦር ሜዳ ላይ የመትረፍ ዕድላችን ይሻላል ብለው ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የቀድሞው የፔንስልቬንያ አገረ ገዢ ዴቪድ ሎውረንስ ፒትስበርግ ውስጥ በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ ወደቀ። ፖሊሶች ወደ ሆስፒታል አደረሱት። ልቡ እንደገና መምታት ጀመረ፤ አእምሮው ግን ኦክስጅን ሳያገኝ ቆይቶ ነበር። ከቀናት በኋላ ሞተ። የከተማዋ ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ ተራው ሰው ምን ይሁን?

እዚያ ሆስፒታል የነበረው የማደንዘዣ ሐኪም ፒተር ሳፋር ነው። ቪየና ተወልዶ ያደገው ይህ ሰው በ1950ዎቹ ባልቲሞር እያለ ያደረገው ሙከራ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚፈቅደው አይመስለኝም። ፈቃደኞችን አስተኝቶ በኩራሬ ጡንቻቸውን ሽባ አደረገና፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በአፋቸው አየር እንዲሰጧቸው አደረገ። በዚያ ዘመን በመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት የሚሰጠው ዘዴ ታማሚውን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫንና ክንዱን ማንሳት ነበር። ሳፋር የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ፣ ጭንቅላትን ወደ ኋላ ዘንበል ማድረግም የተዘጋውን የአየር መተላለፊያ እንደሚከፍት በመለኪያ አሳየ። ለእኔ ግን ከዚህ ሥራ ትልቁ ውጤት ሌላ ነው፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው አሠልጥነኸው የሰው ነፍስ ማትረፍ እንደሚችል ማሳየቱ። በ1966 ቤልፋስት ውስጥ ፍራንክ ፓንትሪጅ የልብ ሕክምናን በመኪና ወደ ሰው ቤት ሲወስድ፣ መኪናው ላይ የጫነው ሐኪም ነበር። ሳፋር መኪናው ላይ ሊጭን ያሰበው ከሐኪም ውጭ ያለ ሰው ነው። በዚያው በ1966 ሴት ልጁ በአስም ሞታበታለች። ቁጭቱን መገመት ትችላላችሁ።

ሂል ዲስትሪክት የጥቁሮች ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ የታችኛው ክፍሉ ለስፖርት አዳራሽ ተብሎ ሲፈርስ ወደ 8,000 ሰው ተፈናቅሏል። ሥራ የለም፤ ፖሊስ ሲጠራም ወይ ይዘገያል ወይ ጭራሽ አይመጣም። በሰፈሩ ፍሪደም ሃውስ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የጥቁሮችን ሥራ ፈጠራ የሚደግፍ ድርጅት ነበር፤ አትክልት በመኪና እየዞረ ያከፋፍል ነበር። ፊል ሃለን ደግሞ በወጣትነቱ አምቡላንስ ነድቶ የሚያውቅ፣ የሞሪስ ፎልክ የሕክምና ፈንድ ኃላፊ ነው። አትክልት የሚያመላልስ መኪና ሰውንም ሊያመላልስ ይችላል የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ። ከሳፋር ጋር ተገናኙ፤ የሳፋር መልስ ግን «ማመላለስ ብቻ ከሆነ አልገባበትም» የሚል ዓይነት ነበር። ማሠልጠን አለብን አለ።

በ1967 ሥልጠናው ተጀመረ። የመጡት ሰልጣኞች እነማን ነበሩ? ሥራ ፈት የተባሉ፣ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ፣ ከቬትናም የተመለሱ፣ አንዳንዶቹም እስር ቤት ገብተው የወጡ የሰፈር ልጆች። ትምህርቱ 300 ሰዓት ነበር፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ሲፒአር፣ የነርስ ሥራ፣ ጥንቃቄ ያለው አነዳድ። ከክፍል ወጥተው ደግሞ ሆስፒታል ገቡ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ሬሳ ክፍል ሳይቀር። መተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን የሚማሩት በማደንዘዣ ሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ሁሉ የጀመረው የልብ ወይም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳይሆን የማደንዘዣ ሐኪም መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ በየቀኑ ሰው እንዳይተነፍስ አድርጎ እንደገና የሚያስተነፍስ ሰው፣ አየር ለጥቂት ደቂቃ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። እኛም አገር በ2008 ቤቱን ሸጦ ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋመው ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነበር። እሱም መኪና ገዝቶ ብቻ አልቆመም፤ ማሠልጠኛም ከፈተ።

ወደ ፒትስበርግ እንመለስ። በ1968 አምቡላንሶቹ ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5,800 የሚጠጋ ጥሪ ተቀበሉ፣ ከ4,600 በላይ ታማሚ አጓጓዙ፤ ሳፋር በሰበሰበው መረጃ መሠረት 200 ሰው አትርፈዋል። ከዚህ በኋላ ነው ለእኔ የታሪኩ ዋና ነገር የሚጀምረው። ሐኪሞቹ ያስተማሩት ሆስፒታል ውስጥ ያለውን ዕውቀት ነው። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ መብራት አለ፣ አልጋው ለቁመትህ ይስተካከላል፣ ታማሚው ተኝቶ ይጠብቅሃል። ሽንት ቤት ውስጥ ወድቆ በሩን በገላው የዘጋ ሰው ላይ ቱቦ እንዴት ይገባል? ቤተሰብ እየጮኸ የልብ ትርታ እንዴት ይሰማል? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ከባድ ሰው ሲፒአሩ ሳይቋረጥ እንዴት ይወርዳል? እነዚህን ማንም ፕሮፌሰር አያውቃቸውም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የፍሪደም ሃውስ ልጆች በሥራ ላይ ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ከኋላቸው ለሚመጡትም አወረሱት። ቶርኖው ራሱን ማውጣት ጀመረ ማለት ነው።

ከኋላ ከመጡት አንዱ ጆን ሙን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ታማሚ የሚያመላልስ ሠራተኛ ሳለ አንድ ቀን ሁለት የፍሪደም ሃውስ ሰዎች ታማሚ ሊወስዱ ገቡ። ደንብ ልብስ የለበሱ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ሌላው የሆስፒታል ሠራተኛ በአክብሮት የሚያናግራቸው ጥቁር ወጣቶች። ሙን እንደነሱ መሆን ፈለገና ሆነ። በነገራችን ላይ «ነባር ሠራተኛ ያስተምራል» ስንል ሁሌ ስለ እጅ ሥራ ብቻ እናስባለን። እነዚያ ሁለቱ ለሙን አንድም ቃል ሳይነግሩት ያስተማሩት ነገር አለ።

በ1974 ናንሲ ካሮላይን የምትባል ወጣት ሐኪም የሕክምና ኃላፊ ሆና መጣች። ቢሮ ውስጥ የምትቀመጥ አልነበረችም፤ ከሠራተኞቹ ጋር መኪና ላይ ትወጣለች፣ በሬዲዮ ትከታተላቸዋለች፣ የሠሩትን አንድ በአንድ እየገመገመች ስህተታቸውን ትነግራቸዋለች። ጠንካራ ነበረች። ነገር ግን መንገዱ ሁለት አቅጣጫ ነበረው፤ እሷ ሕክምናውን ስታስተምራቸው እነሱ ጎዳናውን አስተማሯት። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለመላ አገሪቱ የሚሆን የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት እንድታዘጋጅ ሲመርጣት፣ ትምህርቱ የተፈተሸው በፍሪደም ሃውስ ሠራተኞች ላይ ነው። በኋላም የታወቀውን የፓራሜዲክ መማሪያ መጽሐፍ ጻፈች፤ እስራኤል ሄዳ የማጌን ዴቪድ አዶም የሕክምና ኃላፊ ሆነች፤ ኬንያ ውስጥም ከበራሪ ሐኪሞቹ ጋር ሠርታለች። መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይታተማል። ስለዚህ ዛሬ ክፍል ውስጥ ያ መጽሐፍ የሚገለጥለት ተማሪ፣ ስማቸውን ሰምቶት የማያውቅ የሂል ዲስትሪክት ልጆች ተማሪ ነው።

አሁን የሚያናድደው ክፍል። የፍሪደም ሃውስ አምቡላንስ ዝና ሲወጣ ሀብታሞቹ የነጮች ሰፈሮች «እኛስ? ለምን ፖሊስ ብቻ ይላክልናል?» ማለት ጀመሩ። ከንቲባው ፒተር ፍላኸርቲ አገልግሎቱን ከማስፋት ይልቅ የከተማው አስተዳደር የራሱን እንዲያቋቁም አደረገ። ጥቅምት 1975 ፍሪደም ሃውስ ተዘጋ። ካሮላይን ሠራተኞቹ በአዲሱ መሥሪያ ቤት እንዲቀጠሩ ተከራከረች፤ ተቀጠሩም። ግን እንዴት? የወንጀል መዝገብ ያለባቸው ተሰናበቱ። ሌሎቹ ያልተማሩትን ነገር የሚጠይቅ ፈተና ተሰጣቸው፣ የወደቀም ወጣ። የቀሩት ተበታትነው ተመደቡና፣ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ከነሱ ያነሰ ልምድ ባላቸው አዲስ ነጭ ሠራተኞች ሥር ሆኑ። ሙን በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው ታማሚ እንዳይነኩ፣ ዕቃ እንዲሸከሙና እንዲነዱ ይደረጉ ነበር። ብዙዎቹ መረራቸውና ለቀቁ።

ይህን ሳነብ ፍትሑን ለጊዜው ልተወውና በደረቅ የምህንድስና ዓይን እንኳ ባየው አይገባኝም። አዲስ መሥሪያ ቤት ከፍተሃል፣ አዲስ ሠራተኛ ቀጥረሃል፣ የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የተፈተሸባቸው ሰዎች እጅህ ላይ ናቸው። እነሱን አሠልጣኝ ማድረግ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ አያስወጣም። አንተ ግን ቦርሳ ታሸክማቸዋለህ። አንድ ማሽን በማኑዋሉ ያልተጻፈ ጠባይ አለው፤ ያን ጠባይ የሚያውቀውን ኦፕሬተር አባርረህ ማኑዋሉን ለአዲሱ ብትሰጠው ምን እንደሚሆን የትኛውም የፋብሪካ ፎርማን ይነግርሃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፒትስበርግ ፓራሜዲኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። ሙያው የተወለደበት ሰፈር ልጅ የሚመስለውን ሰው በዚያ መኪና ላይ አያይም ነበር።

ከፍሪደም ሃውስ የወጡት ሁሉ ግን አልጠፉም። የድርጅቱ የመጨረሻ ኃላፊ የነበረው ሚቸል ብራውን በኋላ የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከተማ የሕዝብ ደህንነት ኃላፊ ሆነ። ጆን ሙን እዚያው ፒትስበርግ ቀረ። እንዲለቅ የሚገፋው ነገር ሁሉ እያለ አልለቀቀም፤ ደረጃ በደረጃ እያደገ ረዳት አለቃ ሆነና በ2009 ጡረታ ወጣ። በሥልጣን በነበረባቸው ዓመታት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ከጥቁር ሰፈሮች ወጣቶችን ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማስገባት ነበር። አምቡላንስ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ልጅ ምን እንደሚያስብ ከራሱ ያውቃል። እሱ መልምሎ ካስገባቸው አንዷ አሜራ ጊልክሪስት ትባላለች። ዓመታት አለፉ፤ ጊልክሪስት የፒትስበርግ የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት አለቃ ሆና ተሾመች፤ ለዚህ ኃላፊነት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት።