ስለ ፎገራ ወፎች ድምፅና ስለ ታሪክ መዝገብ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲፈልግ ወደ ብራና፣ ወደ ደብዳቤና ወደ ሽማግሌ ቃል ይሄዳል፤ የወፍን ጩኸት ከማስረጃ የሚቆጥር ግን እምብዛም የለም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለውን፣ ወረታ ከተማ የምትገኝበትን የፎገራን ሜዳ ነው። የሜዳውና በዙሪያው ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ድምፅ በቀደሙት ዘመናት ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚነግረን መዝገብ አለን ወይ?

ያለን ጥቂት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ደርሶ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንሰጣለን)፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ስለ እርኩም ሲጽፍ አባ ጉምባ የሚለውን ስም ጨምሮ አስቀምጧል። ስሙ ወፉ ከሚያሰማው ወፍራም ጉምጉምታ የወጣ ይመስለናል። እንዲህ ከሆነ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈልን ድምፅ ባላገሩ በስም ውስጥ ያኖረው ብቻ ነው። በ1832 ጎንደር የገባው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ የወፎችን ቆዳ እየሰበሰበ ወደ አገሩ ቤተ መዘክር ላከ። ቆዳው ስለ ላባው ቀለም ይመሰክራል፤ ስለ ዜማው ግን ዝም ይላል። ሰውየውን አንወቅሰውም፤ የኤዲሰን የድምፅ መሣሪያ የተሠራው በ1877፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ኮኽም ገና ልጅ ሳለ የወፍ ዜማ በሰም ላይ የቀረጸው በ1889 ነው።

መዝገብ ማጣት የሚያስከትለው ጉዳት በፎገራ ጎልቶ ይታያል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ሩዝ ሜዳውን እየሸፈነ መጣ፤ ለገበሬው እህልና ገንዘብ ሰጠ፤ ይህን የሚንቅ ሰው ረኃብን አያውቅም። ዳሩ ግን የሸሸርና የወላላ ረግረጎች በእርሻ መስፋፋትና ውሃቸው ለመስኖ በመሳቡ እጅግ ተመናምነዋል። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች በበጋችን ወራት ከአውሮፓ ወደዚህ አካባቢ ይመጣሉ፤ ባለ ዘውድ ዘመዳቸውም የአገሩ ነዋሪ ነው። ከሩዙ በፊት በሸሸር ዳር ማለዳ ምን ያህል ጩኸት ይሰማ ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ የሚመልስልን የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው።

ስለ ደኖቹ ያለን ዕውቀት ይሻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ዛፍ ቆሞ ይቆጠራል፤ ወፍና የሌሊት ወፍ ግን ይሰወራሉ። ለዚህ የሚረዳ ኦዲዮሞዝ የተባለ መቅጃ በሳውዝሃምፕተንና በኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ተሠርቷል። ከመዳፍ የማይበልጥ ሲሆን በ3 የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በተወሰነለት ሰዓት እየነቃ ይቀዳል፤ ጆሮአችን የማይሰማውን የሌሊት ወፍ ጩኸት ሳይቀር ይይዛል። ንድፉ ለማንም ክፍት ነው፤ ዋጋውም ከቀደሙት መቅጃዎች እጅግ ያነሰ ነው።

ሆኖም መሣሪያውን እንደ ነቢይ ማመን አይገባም። አንድ ወፍ አሥር ጊዜ ቢጮኽ አሥር ወፍ አይሆንም፤ ድምፁ አለመቀዳቱም ወፉ የለም አያሰኝም። ኮምፒዩተር የለየውን ድምፅ የአገሩ ሰው ጆሮ ሊያርመው ይገባል። ሌላም ነገር አለ፦ በደን የተሰቀለ መቅጃ ደወሉን፣ ማኅሌቱንና የምእመናንን ጭውውት አብሮ ይቀዳልና፣ የደብሩን አስተዳዳሪ ሳያስፈቅዱ መስቀል ነውር ነው።

እኛ የምናሳስበው ከኅዳር ጀምሮ አንድ መሣሪያ በሸሸር ዳር፣ ሌላውም በአቅራቢያው ባለ የደብር ደን እንዲሰቀል፣ በየቅጂው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው እንዲጻፍ፣ አንዱም ግልባጭ እዚያው ወረታ እንዲቀመጥ ነው።