ከተጣለው ውስጥ የተገኘ መድኃኒት

በእንዲህ ያለው የመታሰቢያ መጽሔት አብዛኞቻችን ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ ሰልፍና ስለ ፈተና ሰሞን እንጽፋለን። እሱም ደስ ይላል። እኔ ግን አራት ኪሎ ኬሚስትሪ የተማርኩ ነኝና ዘንድሮ ስለ ቆሻሻ ልጻፍ፤ ያውም ዓለም ሁሉ ስለሚፈራው የኑክሌር ቆሻሻ። ካንሰር ለማከም የዋሉ አንዳንድ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች የተገኙት ሌላው ከጣለው ውስጥ ነው። ታሪካቸው ለእኛም የሚበጅ ይመስለኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከራዲየም ነው። በቦሄሚያ፣ ዮአኪምስታል በተባለ የማዕድን ከተማ፣ ዩራኒየም ለመስታወትና ለሸክላ ማቅለሚያ ይወጣ ነበር። የቀረው ዝቃጭ ጥድ ጫካ ውስጥ ይደፋል። ማሪ እና ፒዬር ኩሪ በ1898 ራዲየም መኖሩን ካስታወቁ በኋላ ይህንኑ ዝቃጭ በቶን እያስጫኑ ወደ ፓሪስ አስመጡት። በ1899 ደግሞ ባልደረባቸው አንድሬ ዴብዬርን ከመሰል ዝቃጭ አክቲኒየም የተባለ ንጥረ ነገር አገኘ። ራዲየም ብዙም ሳይቆይ ሐኪም ቤት ገባ። አክቲኒየም ግን ተራው እስኪደርስ መቶ ዓመት ገደማ ጠበቀ።

ተራው የደረሰው በአሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ባለው የኦክ ሪጅ ላብራቶሪ በኩል ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች ከቶሪየም ዩራኒየም-233 ይሠሩ ነበር፤ ለሪአክተር ነዳጅ ይሆናል ብለው። ኦክ ሪጅ በ1968 አንድ የሙከራ ሪአክተር በዚሁ ነዳጅ አስነስቷል። በኋላ ግን ሐሳቡ ተተወ፤ ዩራኒየሙም በጦርነቱ ጊዜ በተሠራ ሕንጻ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ኃይለኛ ጨረር የሚለቅ ርዝራዥ ስላለበት በእጅ አይነካም፤ ለቦምብም ሊውል ስለሚችል ያለ ጥበቃ አይተውም። እንግዲህ ለባለቤቱ ወጪ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዩራኒየም-233 ቀስ እያለ ወደ ቶሪየም-229 ይለወጣል። ይህ ደግሞ በራዲየም-225 በኩል አክቲኒየም-225ን ይወልዳል። የሙያው ሰዎች ቶሪየሙን «ላም»፣ አክቲኒየሙን መለየቱን ደግሞ «ማለብ» ይሉታል። መቼም ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ላሟ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ትታለባለች፤ ወተቷ ግን በ10 ቀን ውስጥ በግማሽ ያልቃል።

ለምን ተፈለገ? አክቲኒየም-225 እስኪረጋጋ ድረስ ከእያንዳንዱ አቶም 4 የአልፋ ቅንጣቶች ይወጣሉ። አልፋ ጉልበቱ ብዙ፣ መንገዱ አጭር ነው፤ በሰውነት ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የካንሰር ሕዋስ ላይ ከሚጣበቅ ሞለኪውል ጋር ከታሰረ ያንኑ ሕዋስ ይመታል፤ ራቅ ያለውን ይተዋል። በ2016 የሃይደልበርግ ሐኪሞች የፕሮስቴት ካንሰር በሰውነታቸው የተሰራጨባቸውን የሁለት ሕመምተኞች ውጤት አሳተሙ። ከሕክምናው በፊት በዕጢ ነጠብጣብ የተሞላው ምስል፣ ከሕክምናው በኋላ ጠርቶ ታየ። ነጻ ስጦታ ግን አይደለም፤ የምራቅ ዕጢን ይጎዳል፣ አፍ ያደርቃል፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናውን ያቋረጡም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ኦክ ሪጅ ከዚያ ዩራኒየም ጥቂት ቶሪየም ቀደም ብሎ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ ለዓመታት የዓለም አቅርቦት በአብዛኛው የተመካው በዚያችና በጀርመንና በሩሲያ ባሉ ጥቂት መሰል ክምችቶች ላይ ነበር። የቀረውን ዩራኒየም ግን ከሌላ ዩራኒየም ጋር ደባልቆ ለመቅበር ታቀደ። ቶሪየሙን አስቀድሞ ለሕክምና የማውጣት ሐሳብ ነበረ፤ ኮንግረስ በ2005 ሰረዘው። በ2008 የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ኢንስፔክተር ጉዳዩን እንደገና አነሣ። የማስወገዱ ሥራ ከታሰበው በላይ ስለዘገየ ብቻ ጊዜ ተገኘ። በ2019 ቴራፓወር የተባለው ኩባንያ ዩራኒየሙን ከሚያስወግደው አይሶቴክ ጋር ተዋዋለ፤ ቶሪየሙ ከመቀበሩ በፊት መለየት ጀመረ። እስቲ አስቡት፣ ይህን መድኃኒት ያተረፈው የቢሮክራሲ መጓተት ነው! ሥራው በቀጠሮው ቢያልቅ ኖሮ ላሟ ከነወተቷ ተቀብራ ነበር።

ራዲየምም ዞሮ መጥቷል። በ2021 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከየሐኪም ቤቱ መጋዘን የቀሩ አሮጌ የራዲየም ምንጮች አክቲኒየም ለመሥራት እንዲውሉ አገሮችን የሚያገናኝ ሥራ ጀመረ።

ይህ ነገር የሀብታም አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በፕሪቶሪያ የስቲቭ ቢኮ ሆስፒታል ሐኪሞች ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በዚሁ መድኃኒት ያከሟቸውን የ17 ሕመምተኞች ውጤት በ2019 አሳትመዋል። ፕሪቶሪያ የተቻለው በአፍሪካ ተቻለ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚቀበለው ራዲዮኬሚስት፣ መጠኑን የሚለካ ፊዚሲስት፣ የሚሰጥ ሐኪምና ነርስ በአንድ ጊዜ ዝግጁ ሆነው መገኘታቸው ነው፤ 10 ቀን ቀጠሮ አያራዝምምና። ሦስቱንም ዓይነት ተማሪ የምታስተምሩ መምህራን ይህን መጽሔት እያነበባችሁ ነው። ገና ሳይመረቁ በአንድ ክፍል ብታስተዋውቋቸው ምን ይመስላችኋል?