ጥር 23 እና የአገው ፈረሰኞች

ጥር በገባ ቁጥር የእንጅባራ ፈረሶች ፎቶ ፌስቡኩን ያጥለቀልቀዋል። ብዙ ሰው «የፈረስ ትርዒት» ይለዋል። ትርዒትነቱ አይካድም፤ ግን በዓሉን እስካሁን ያቆየው ማኅበር መሆኑ ይመስለኛል። እስቲ ትንሽ ላውጋችሁ።

ከባሕር ዳር በመራዊ፣ በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አድርጋችሁ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ እንጅባራን ታገኛላችሁ። የድሮ ሰው ኮሶበር ይላታል። ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቋቁራ፣ መተከል፣ ዚገምና ጫራ ናቸው። አፈ ታሪኩ ከላስታ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ይላቸዋል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ! ጣሊያን ገና አገር ውስጥ ነው። እንጅባራን ለቆ የወጣው በየካቲት 1933 ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27። እንግዲህ የአድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚዘክር ማኅበር የተቋቋመው ያው የአድዋው ጠላት ተመልሶ አገሩን በያዘበት ሰዓት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አድዋን ማስታወስ ምን ማለት እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

ቀኑም የራሱ ነገር አለው። 23 ጊዮርጊስ ነው። የአድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት እዚያው ነበር፤ ፈረስ ደግሞ ሰው ይሸከማል፣ ስንቅ ያደርሳል፣ ሲያስፈልግም ይዋጋል። ለዚህ ውለታ ነው ጀግናውን በፈረሱ ስም የምንጠራው፦ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር።

ማኅበሩ ለጥር 23 ብቻ የተሰበሰበ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኛው ለለቅሶ ይወጣል፣ ሠርግ ሲኖር ያጅባል፣ የተጣላ ሲኖር ሽማግሌዎቹ ያስታርቃሉ። ዕድርና ዳኝነት ያለው በዓል ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የዘንድሮ ባጀት ተገኘ አልተገኘ ብሎ አይጠብቅም።

ባለፉት ዓመታት በዓሉ አዲስ ጉልበት አግኝቷል። አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ሽምጥ ግልቢያውና ጉግሱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ቱሪስት ይመጣል፤ በዩኔስኮ እንዲመዘገብም ሲሠራ ቆይቷል። ደስ ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፈረሱ ራሱ ነው። ፈረስ ግጦሽ ይፈልጋል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ብዙ እርሻና ግጦሽ በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል። ገበሬው ትክክል ነው፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፣ ልጅ ያስተምራል። ግን መስኩ በጠበበ ቁጥር ፈረስ ማቆየት የሀብታም ነገር እየሆነ ይሄዳል። ያን ጊዜ በዓሉ ይቀራል፣ ባለፈረሱ ገበሬ ግን ተመልካች ይሆናል። በዓሉን ቅርስ ብለን ስናስመዘግብ የጋራ ግጦሹም አብሮ ቢታሰብ እላለሁ።

ከዳንግላ፣ ከቲሊሊ፣ ከእንጅባራ የመጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አያት ያላችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ፦ ፈረሱ ማን ይባል ነበር? ማኅበሩ ውስጥ ማን አስገባው? የሰማችሁትን እዚህ ሥር ጻፉልን። ሽማግሌ ሲያልፍ የፈረሱም ስም አብሮ ነው የሚቀበረው።