የፍትሐ ብሔር መዝገብ ፍለጋና የግልባጭ አቤቱታ በመቀሌ

ዓዲ ሓቂ ከመቀሌ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱም በዚሁ ስም ይጠራል። በነዋሪዎቹ መካከል የተነሣ የቤት፣ የውርስ፣ የውል ወይም የጋብቻ ክርክር ፍርድ ካገኘ በኋላ መዝገቡ በትግራይ ክልል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ይህ መጣጥፍ መዝገቡ የሚገኝበትንና ግልባጩ የሚጠየቅበትን ሥርዓት ይመለከታል። ከሕጉም ከአሠራሩም የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ የፍርድ ቤት መዝገብ አያያዝ የተበጀው በክርክሩ ውስጥ ላለ ሰው ነው። የመዝገብ ቁጥሩን የያዘ ይስተናገዳል፤ ቁጥሩን የማያውቅ ሕግ የሰጠውን መብት ይዞ ደጅ ይጠናል።

ፍርድ ቤቱን መለየት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልሎች የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ የመጀመሪያው ደረጃ በተለምዶ ወረዳ ፍርድ ቤት ይባላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ስለሚታይ፣ ተከራካሪዎቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ቢኖሩም በዓዲ ሓቂ ያለ ቤት መዝገብ የሚፈለገው መቀሌ ነው። ሌሎች ክሶች በአብዛኛው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባሉ። ፈላጊን ይበልጥ የሚያሳስተው የፌዴራል ጉዳይ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው የተወሰኑት አምስት ክልሎች ሲሆኑ ትግራይ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሆነውን ጉዳይ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሆነውን ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ያያሉ። ጉዳዩ የፌዴራል ነው ብሎ አዲስ አበባ የሚፈልግ ሰው፣ ክርክሩ በይግባኝ ወይም በሰበር እስካልደረሰ ድረስ በዚያ የሚያገኘው አይኖርም። ይግባኝ የተባለበት መዝገብ ደግሞ የበላይ ፍርድ ቤት እንዲቀርብለት አዝዞ አስመጥቶት ሊሆን ስለሚችል፣ በሥር ፍርድ ቤት መደርደሪያ ላይ አለመገኘቱ ብቻውን ጠፍቷል አያሰኝም።

የመዝገብ አያያዝ አመጣጥ

በጽሑፍ የሚጠበቅ የፍርድ ማስረጃ በኢትዮጵያ መቼ ተጀመረ የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። አንዱ አመለካከት መነሻውን በአብያተ ክርስቲያናት ያደርጋል። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና አልፎ አልፎም የክርክር ውጤት ከነምስክሮቹ ስም በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር የመሬት ሽያጭ ሰነዶች በዚህ ይታወቃሉ። በትግራይ የሚጠቀሰው መጽሐፈ አክሱም ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1910 አሳትሞታል። ተመራማሪው ሀንቲንግፎርድም የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ቻርተሮች በእንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1965 አቅርቧል። በመጽሐፈ አክሱም የጥንት ነገሥታት ሰጧቸው የተባሉት አንዳንድ ስጦታዎች ከዘመናቸው ብዙ ቆይተው የተጻፉ ሳይሆኑ እንደማይቀር ስለሚታሰብ ሰነዱን እንደ ፍርድ መዝገብ መቁጠር አከራካሪ ነው። ሁለተኛው አመለካከት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስጠታቸውን መነሻ ያደርጋል። ሦስተኛው የ1934 ዓ.ም. የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2ን ይይዛል፤ ከነጻነት በኋላ የፍርድ ቤቶችን ደረጃ በሕግ የዘረጋው እርሱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ዛሬም በሥራ ላይ አለ።

ከሦስቱ አንዱን መምረጥ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መዝገብ በምን ይፈለጋል ለሚለውም መልስ ይሰጣል። በብራናው ሥርዓት ሰነዱ ከመሬቱና ከደብሩ ጋር ስለተሳሰረ፣ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ማስረጃው የት እንዳለም ያውቅ ነበር። ዘመናዊው መዝገብ ቤት ክሱን ተቀብሎ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚለየው ቁጥሩ ነው። የሕግ ባለሙያዎች ልማድም ይህንኑ ያሳያል። ሳይመዘገብ የቀረ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል አይጸናም ያለውን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ ጠበቆች የሚጠሩት በባለጉዳዮቹ ስም ሳይሆን «መ/ቁ 21448» እያሉ ነው። ቁጥር ለዳኛና ለሬጅስትራር ትክክለኛ መለያ ነው፤ ስመ ሞክሼ አያሳስተውም። ከክርክሩ ውጭ ለነበረ ሰው ግን ምንም አይነግረውም።

መዝገቡን ማግኘት

በቀላሉ የሚገኘው ፍርድ የራሱ ግልባጭ በባለጉዳዩ እጅ ያለ ፍርድ ነው፤ በግንባሩ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የዳኞቹና የተከራካሪዎቹ ስም ይሰፍራል። እርሱ ከሌለ መጥሪያ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የዳኝነት ክፍያ ደረሰኝ ወይም የአፈጻጸም ትእዛዝ ቁጥሩን ሊይዝ ይችላል። አፈጻጸም ራሱን የቻለ መዝገብ ስላለው አንድ ክርክር ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር ሊኖረው እንደሚችል ማስተዋል ይገባል። ቁጥር ከጠፋ የሚቀረው የሁለቱን ወገኖች ስም እስከ አያት፣ የክሱን ዓይነትና የውሳኔውን ዓመት ይዞ ሬጅስትራሩን መጠየቅ ነው። በአሜሪካ አውራጃዎች የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ከሳሽንና ተከሳሽን በስም የሚዘረዝር ማውጫ የመያዝ የቆየ ልማድ አላቸው። የኢትዮጵያ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለውና አንድ ስም በኃ፣ በሀ ወይም በሓ ሊጻፍ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ማውጫ በመቀሌ ቢዘጋጅ የአያት ስምና ወጥ አጻጻፍ ያስፈልገዋል።

ለቤትና ለቦታ ጉዳይ ሌላም መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ክርክር ያልተነሣበት የቤት ሽያጭ ውልም በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በቁጥር 996 መሠረት የሚሰጥ የወራሽነት ማስረጃም የራሱ መዝገብ አለው። የሟቹን ስም እንጂ የክርክሩን ቁጥር የማያውቁ ወራሾች ብዙውን ጊዜ ከዚህ መነሣት ይቀናቸዋል።

የግልባጭ አቤቱታ

አቤቱታው በጽሑፍ ይቀርባል። የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተከራካሪዎቹን ስም፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀንና የሚፈለገው ፍርዱ፣ ብይኑ፣ አንድ ትእዛዝ ወይም ሙሉ መዝገቡ መሆኑን ይገልጻል። በሌላ ሰው ስም የሚጠይቅ ሰው ውክልና ያቀርባል፤ ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያረጋግጣል። ማኅተም የሌለው ፎቶኮፒ ለማንበብ ይጠቅማል፤ ለይግባኝ ግን የተረጋገጠ ግልባጭ ያስፈልጋል። የይግባኝ ጊዜው በመደበኛው 60 ቀን ስለሆነ አቤቱታውን ማዘግየት መብት ሊያሳጣ ይችላል። የትግራይ የሥራ ቋንቋ ትግርኛ ስለሆነ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ ግልባጭ ወደ አማርኛ መተርጎም ይኖርበታል።

ከክርክሩ ውጭ ያለ ሰው

አሠራሩ ተከራካሪውን ብቻ አስቦ መበጀቱ ጉዳት የለውም ለማለት ሦስት መከራከሪያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ተከራካሪ ግልባጩን ስለሚወስድ መጠበቅም የእርሱ ኃላፊነት ነው ይላል። ይህ ለተከራካሪው ይሠራል። ነገር ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 በክርክሩ ሳይገባ ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። በእናቱ ቤት ላይ ወንድሙና ጎረቤቱ ተከራክረው ውሳኔ ያገኙበት ሰው ምንም ግልባጭ አልተሰጠውም፤ መዝገቡ መኖሩን የሚያውቀው አስፈጻሚ በር ሲያንኳኳ ከሆነ መብቱን የሚጠቀምበት ጊዜ ሊያልቅ ተቃርቧል። ሁለተኛው ቁጥር 145ን ይጠቅሳል፤ ፍርድ ቤት ከሌላ ፍርድ ቤት መዝገብ አስቀርቦ ማየት ይችላል። ድንጋጌው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ትእዛዙ የትኛው መዝገብ እንደሚቀርብ መለየት ስላለበት ችግሩን ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመልሰዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የግል ሕይወት ጥበቃ ነው። የፍቺ፣ የልጅ አስተዳደግና የአባትነት መዝገቦች ለማንም ክፍት ሊሆኑ አይገባም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ጥንቃቄውን ያጠናክራል። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ የማግኘት መብትን ዘርግቷል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው መዝገቡን ማግኘትንና መዝገቡን ማንበብን ለይቶ በማየት ነው። ቁጥሩን፣ የተከራካሪዎቹን ስም፣ ችሎቱንና ክርክሩ የሚመለከተውን ቤት ወይም ቦታ ብቻ የሚዘረዝር ማውጫ የማንንም ምስጢር አያወጣም፤ ይዘቱን ለማየት ጉዳዩ የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ይቀጥላል። የቤተሰብ መዝገቦች ከማውጫው ቢወጡም የንብረት ክርክሮች ሊገቡ ይችላሉ፤ መቃወሚያ በብዛት የሚያስፈልገውም በእነርሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ

ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በተካሄደው ጦርነት በርካታ የመንግሥት ተቋማት መዘረፋቸውና መጎዳታቸው በተለያዩ ሪፖርቶች ተመዝግቧል፤ ለረጅም ጊዜም ስልክ፣ ባንክና መብራት ተቋርጠው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መብቱን በፍርድ የሚያስከብር ሰው፣ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ ግልባጩንም ጥሎ ሊሆን እንደሚችል መታሰብ አለበት። ፍርድ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲፈጸም ካልተጠየቀ በይርጋ ስለሚታገድ ፍለጋው የማያስቸኩል ጉዳይ አይደለም። ዋናው መዝገብ ከጠፋ የሚቀሩት ምንጮች የሌላኛው ወገን ግልባጭ፣ የይግባኝና የሰበር መዝገብ፣ የአፈጻጸም መዝገብና የጠበቃ ፋይል ናቸው። እነዚህን ማሰባሰብ የሚቻለው ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ችሎት፣ ስለ የትኛው ቤት እንደተከራከረ የሚያሳይ ዝርዝር ከመዝገቦቹ በተለየ ቦታ ከተቀመጠ ነው። ስለዚህ ማውጫው ለውጭ ፈላጊ የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ለፍርድ ቤቱ ራሱ የጠፋውን የሚያውቅበት መሣሪያ ነው።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች በቀበሌና በጣቢያ ደረጃ አነስተኛ የገንዘብና የንብረት ክርክሮችን የሚያዩ ናቸው። ውሳኔያቸው በይግባኝ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሄደ መዝገቡ በዚያ ይፈለጋል።