ከትያትሩ በኋላ የምትቀር ወረቀት

ትያትር ቤት መግቢያ ላይ የሚታደለውን ፕሮግራም አብዛኞቻችን የምናውቀው በማራገቢያነቱ ነው። ሙቀቱን እንከላከልበትና ስንወጣ ወንበሩ ላይ ጥለነው እንሄዳለን። አንስተው የሚያስቀምጡት ጥቂቶች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ልፋት ከንቱ እንዳልሆነ አንድ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ትያትር ያሳየናል።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1943 በኒው ሄቨን ከተማ፣ ሹበርት በተባለው ትያትር ቤት አንድ አዲስ ሥራ ለሙከራ ታየ። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙና ድርሰቱ የኦስካር ሀመርስታይን ነበር። በዚያን ጊዜ የታደለው ፕሮግራም ላይ የተጻፈው ስም «አዌይ ዊ ጎ!» ይላል። በ20 ቀን ውስጥ፣ ማርች 31፣ ኒው ዮርክ ሴንት ጄምስ ትያትር ሲከፈት ግን ስሙ «ኦክላሆማ!» ሆኗል። በመንገድ ላይ ስም ብቻ አልተለወጠም፤ ተቆርጦ የቀረ ዘፈንም አለ። ከዚያ በኋላ ትያትሩ 2,212 ጊዜ ታየ፤ የቀድሞ ስሙን የሚያስታውስም እየጠፋ ሄደ።

ሸክላውና ፊልሙ የሚነግሩን የጸናውን ነው። ፕሮግራም ግን የሚታተመው ነገ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ስለሆነ ያልጸናውንም ይዞ ይቀራል። ሰብሳቢዎች «ዛሬ ማታ የእገሌን ቦታ እገሌ ይጫወታል» የምትለዋን ብጣሽ ወረቀት እንኳ የማይጥሏት ለዚህ ነው። ያን ምሽት ማን መድረክ ላይ እንደቆመ የምትመሰክር እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። ሮጀርስም ሀመርስታይንም የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በተማሪዎች ትያትር ተሳትፈዋል። በ1920 የዓመቱን የተማሪዎች ትያትር ዜማ የደረሰው ሮጀርስ ገና የ17 ዓመት ፍሬሽ ነበር። ያን ምሽት ፕሮግራሙን የያዘ ተመልካች የማንን ስም እንደያዘ በምን ያውቃል?

እኛስ? በግቢያችን መድረክ ላይ የተጫወትን፣ ክራር የመታን፣ መጋረጃ የሳብን ሰዎች፣ በስቴንስል ተባዝቶ የታደለውን ፕሮግራም የት አደረስነው? ከመካከላችን ያለፉት ጓደኞቻችን ስም ምናልባት ሌላ ቦታ አልተጻፈም። እኛም ስናልፍ «እዚያ ነበሩ» የሚል ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሻንጣና ካርቶን ፈትሹ። ካገኛችሁ ላሚኔት አታስደርጉት፣ በፕላስተርም አትለጥፉት። የዛገ ሽቦ ካለበት ወረቀቱን ሳትቀዱ ቀስ ብላችሁ አውጡለት። ዓመቱ ካልተጻፈበት ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ የምታስታውሱትንም በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ። ከዚያ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡት። መምህራንም የዘንድሮ ተማሪዎቻችሁ ትያትር ሲያሳዩ ሁለት ፕሮግራም ማስቀረት አትርሱ።